የሰፈራችን መኪና ሻጭ

ዛሬ ከአጎቴ ልጅ ጋር መኪና ልናይ እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ጋሼ ጋ ሄድን፣ ጋሼ ማለት አባቱ የጀመረውን የመኪና መሸጫ ተረክቦ አሁን ከልጆቹ ጋር የሚሰራ ሰውዬ ነው። ሻጭ ሆኖ "ይሄን አትግዛ" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአጎቴ ልጅ አይኑ ያረፈው አንዲት ነጭ ቪትዝ ላይ ነበር፣ ጋሼ ከኪሱ ማግኔት አወጣና በሩ ላይ ለጠፈው፣ ያዘ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ሲያደርገው ግን ዱብ አለ። "ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው፣ የተጎዳ ቦታ የሚሞላበት፣ ተመትታለች፣ ባለቤቷ እንድናገር ፈቅዶልኛል" አለና ቡና አዘዘልን።

በዚህ ገበያ እኮ ነው! በ2012 ኤክሳይስ ታክሱ አሮጌ መኪና ላይ ከበደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ ስለዚህ ያለችው አሮጌ መኪና ዋጋዋ አይቀመስም፣ ዝም ብሎ ቢሸጣት ማን ይጠይቀዋል። ልጆቹ ኤሌክትሪክ እናምጣ እያሉ ይነዘንዙታል፣ እሱ "ዘጌ ደርሼ ስመለስ ቻርጅ ቢያልቅስ" ይላል (እዚህ ላይ እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ፣ ዘጌ ያን ያህል ሩቅ አይደለም ጋሼ 😀)።

ለቅሶ ሲኖር እድርተኛውን የሚያመላልሰው ከሱ ግቢ የሚወጣ መኪና ነው፣ ጎረቤታችንንም ሌሊት ምጥ ሲይዛት ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው፣ የነዳጅ ልስጥህ ብትሉት ይቆጣል። ውል ስትፈርሙም የሻንሲ ቁጥሩን (መኪናዋ ላይ የተመታውን መለያ ቁጥር) ከሊብሬው፣ ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ራሳችሁ ካላያችሁ ብር አይቀበልም።

ለማንኛውም ቪትዟ ቀረች። ቅዳሜ አንዲት ኮሮላ ትመጣለች ብሎናል፣ የሚሸጥ ያላችሁም ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ደላላ ባትሆኑ ደስ ይለኛል።