ከጥድ ወደ ጠንካራ እንጨት፦ በትንሿ መሰንጠቂያ እስካሁን የደረስኩበት

ለረጅም ጊዜ የሰነጠቅኩት የፈረንጅ ጥድ ብቻ ነበር። ጥድ ገር እንጨት ነው። ምላጩ ትንሽ ቢዶለዱምም ይሄዳል፤ ግንዱን እንደመጣ የማሽኑ አልጋ ላይ ብትጭኑትም የሚረባ ጣውላ አያሳጣችሁም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ወደ ጠንካራው እንጨት ዞሬያለሁ፤ በአብዛኛው ባህር ዛፍ፣ መሀል መሀል ግራቪሊያ፣ ሲገኝ ደግሞ ወይራ። ጠንካራ እንጨት ላይ መቁረጡ ራሱ ቀላሉ ሥራ እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። ጣውላው ቀጥ ብሎ መቅረቱ ወይም መጣመሙ የሚወሰነው ግንዱ አልጋው ላይ በተኛበት አኳኋን፣ ከዚያም ጣውላው በተደረደረበት መንገድ ነው። መጋዙ መሀል ላይ ነው ያለው።

ማሽኔ አግዳሚ ባንድሶ ነው፣ ምላጩ በሁለት መዘውሮች ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞር ማለት ነው፤ ግንዱ ተጋድሞ ይታሰራል፣ የመጋዙ ጭንቅላት በሐዲድ ላይ እየተገፋ ይቆርጣል። ሞተሩ ትልቅ አይደለም። ክብ መጋዝ ያላቸው በፍጥነቱ ያሾፉብኛል፤ እኔም በሒሳብ እመልስላቸዋለሁ። የኔ ምላጭ በአንድ ቆረጣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል፣ ትልቅ ክብ መጋዝ 6 ሚሊ ሜትር ያህል። ዐሥር ጊዜ ስትቆርጡ ልዩነቱ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከአንድ ተኩል በላይ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ሰጋቱራ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

መጀመሪያ የቀየርኩት ምላጩን ነው። ለጥድ የምጠቀምበት ጥርሱ 10 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነበለ ነበር። እንዲህ ያለ ጥርስ ለስላሳ እንጨት ውስጥ ደስ እያለው ይነክሳል፤ ጠንካራ እንጨት ላይ ግን ከሚችለው በላይ ይጎርስና ጉጥ ጋ ሲደርስ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ለባህር ዛፍ ወደ 7 ዲግሪ ወረድኩ፤ ለደረቀ ወይራ 4 ዲግሪ ይሻላል። ጥርሶቹ ግራና ቀኝ የሚታጠፉት በያንዳንዱ ጎን ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካነሰ ምላጩ በራሱ መንገድ ውስጥ ተጣብቆ ይግላል፤ ከበዛ ደግሞ የጣውላው ፊት ይሸካክራል።

ጣውላው ላይ ሞገድ ሲወጣ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ማሽኑን መፍታት ይጀምራል። እኔ አሁን አስቀድሜ ሞገዱን አየዋለሁ። ጉጥ ጋ ብቻ ከሆነ የወጣው፣ ምላጩ ደንዝዟል ወይም ውጥረቱ አንሷል። ቆረጣው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያለ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ የአንድ ጎን ጥርስ ተበልቷል ወይም አጣጣፉ እኩል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቅርፊት ውስጥ የተሸጎጠ ጠጠር ነው። መሬት ለመሬት ተጎትቶ የመጣ ግንድ ቅርፊቱ አሸዋ ስለሚይዝ፣ ምላጩ በሚያልፍበት መስመር ላይ ብቻ እንኳ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ልጬ በሽቦ ብሩሽ እጠርገዋለሁ። ይህች ትንሽ ሥራ የአንድ ምላጭን ዕድሜ ምን ያህል እንዳራዘመች ለማመን ይከብዳል።

ሌላው ምልክት ሰጋቱራው ነው። ምላጩ ስለታም ሲሆን የሚወድቀው ነገር በእጅ ሲዳሰስ ሸካራ ነው፤ እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ መዳፍ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ሲጨብጡትም እንደ ቅንጥብጣቢ ይለያያል እንጂ አይላቁጥም። ምላጩ መድከም ሲጀምር ሰጋቱራው ይደቅቃል፣ ዱቄት ይሆናል፣ ለብ ይላል። ድምፁም ይቀየራል፤ ወፍራሙ እርጋታ ያለው ድምፅ ወደ ቀጭን ጩኸት ይዞራል። በዚያን ሰዓት “ይህቺን አንድ ጣውላ ልጨርስ” ማለት አያዋጣም። አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። ሥራ ሲያበቃ ደግሞ ውጥረቱን አላላለታለሁ፤ ሲቆርጥ የጋለ ምላጭ ሲቀዘቅዝ ስለሚያጥር ተወጥሮ ካደረ ራሱንም መዘውሮቹንም ይጎዳል። ቆረጣው ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ማድረግም ሙጫና ወተት ያለው እንጨት ምላጩ ላይ የሚያጣብቀውን ያስለቅቃል።

አሁን ወደ ግንዱ። ግንድ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ነው። እንዲሁ ካስተኛችሁት እምብርቱ፣ ማለትም የግንዱ መሀል፣ ከአልጋው ጋር ትይዩ አይሆንም፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጣውላዎች ቃጫውን በሰያፍ እያቋረጡ ይወጣሉ። የሥሩ ዲያሜትር 46፣ የጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የልዩነቱን ግማሽ፣ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጭኑን ጫፍ በሽብልቅ ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ በሁለቱም ጫፎች ከአልጋው እስከ እምብርቱ በሜትር እለካለሁ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከተገናኙ ይበቃል። ግንዱ ጉጥ የሌለበት ምርጥ ከሆነ ግን ከእምብርቱ ይልቅ ለቅርፊቱ ትይዩ አድርጌ እቆርጣለሁ። ምርጡ እንጨት ያለው ውጪው ላይ ስለሆነ ሙሉ ርዝመት ያለው ንጹሕ ጣውላ ይወጣልኛል፤ ሽብልቅ መሳዩ ትርፍ ልቡ ላይ ይቀራል፣ ልቡ ደግሞ ድሮም የሚጣል ነው።

ይህን ሁሉ የምታደርጉት ከባድ ነገር ላይ እንደሆነ አትርሱ። ዲያሜትሩ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ግንድ 0.38 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ እርጥብ ባህር ዛፍ በሜትር ኩብ ወደ 1,000 ኪሎ ስለሚጠጋ አራት ኩንታል ያህል ታንከባልላላችሁ ማለት ነው። ከግንዱ በታች በኩል ቆሞ ማንከባለል የለም።

ባህር ዛፍ ዝናው የወጣው በውስጡ ባለው ውጥረት ነው። ዛፉ ቆሞ ሲያድግ የውጪው እንጨት በቁመቱ እየተሳበ፣ መሀሉ እየተጨመቀ ይኖራል። ግንዱ ሙሉ እስከሆነ ድረስ ሁለቱ ተቻችለው ይኖራሉ፤ መጋዝ ሲገባ ሚዛኑ ይፈርሳል። የመጀመሪያውን ልጥ፣ ቅርፊት ያለበትን ቁራጭ፣ ስትቆርጡ ምላጩ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ጫፉ ከግንዱ ተላቆ ወደ ላይ ሲነሳ ታዩታላችሁ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊሆን ይችላል። የቀረው ግንድ በበኩሉ ከታች ያለው እንጨት እየሳበው ጫፎቹን ወደ አልጋው ይጫናል፣ ወገቡ ብቻ ይነሳል። ያንን ሳያስተካክሉ ሁለተኛውን ጣውላ ቢቆርጡ መሀሉ ወፍራም፣ ጫፎቹ ስስ ይሆናል። መለኪያው ላይ 28 ሚሊ ሜትር ብላችሁ ጫፉ ላይ 24 ታገኛላችሁ፤ ጥፋቱም የማሽኑ ይመስላችኋል።

መፍትሔው ማዞር ነው። ከአንድ ፊት አንድ ወይም ሁለት ጣውላ፣ ከዚያ ግንዱን 180 ዲግሪ ገልብጦ ከተቃራኒው ያንኑ ያህል። እንዲህ እያሉ ከሁለቱም ወገን እኩል እየቀነሱ ወደ መሀል መግባት። ይህ የሚያደክም ሥራ ነው፤ በተለይ ብቻውን ለሚሠራ ሰው። ግን ግንዱን ሳልገለብጥ ከላይ እስከ ታች አስር ጣውላ ከማወርድ፣ እያገላበጥኩ ስምንት ቀጥ ያለ ባወጣ እመርጣለሁ። ወገቡ የተነሳ ፊት ሲያጋጥመኝ ደግሞ ስስ ቅርፊት ያህል ብቻ ልጬ ፊቱን አቀናና ከዚያ እቀጥላለሁ። መጨረሻ ላይ እምብርቱ ያለበት አራት ማዕዘን ይቀራል። እሱን ጣውላ ለማድረግ መታገል ከንቱ ነው፣ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ለምሰሶ ወይም እንዲደርቅ ለሚደረደረው ጣውላ መሠረት ይሆናል።

ጉጦችን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ቅርፊቱ ላይ ያለ ጠባሳ ሁሉ ሥሩ ጉጥ አለ። ጠባሳዎቹ በአንድ ፊት ላይ እንዲሰበሰቡ አድርጌ ግንዱን አስራለሁ፤ ሦስት ፊት ከሚበላሽ አንዱ ይበላሽ። የግንዱ ጫፍ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ አትቁረጡ። እንጨቱ ውስጥ ያለ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ቀለም ነው፤ ውስጥ ሚስማር ወይም ሽቦ አለ። በዚሁ ምክንያት እርጥብ ጣውላ ላይ የብረት ቁርጥራጭ መጫን ጥቁር ማኅተም ይተዋል።

ጣውላው ከግንዱ በየትኛው አቅጣጫ እንደወጣ የሚያሳየው የዕድገት ቀለበቱ ነው። ጫፉን ስታዩ ቀለበቶቹ ጠፍጠፍ ብለው ከጣውላው ፊት ጋር ትይዩ ከሆኑ፣ ሲደርቅ በስፋቱ ብዙ ይሸበሸባል፣ ጠርዞቹም ከልቡ በተቃራኒ ይቆለመማሉ። ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ መሸብሸቡ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በቁመት ግን በሁለቱም 0.1 ወይም 0.2 በመቶ ቢሆን ነው፤ ሊረሳ ይችላል። አንድ ምሳሌ ላስላ፦ በቀለበቱ ዙሪያ 8 በመቶ የሚሸበሸብ እንጨት ብትይዙ፣ እንጨት መሸብሸብ የሚጀምረው እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ስለሆነ እስከ 12 በመቶ ሲደርቅ የሚያጣው ከ8ቱ 4.8 ያህሉን ነው። በ200 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ውፍረቱም ስለሚሸበሸብ ነው 25 ሚሊ ሜትር የምፈልገውን 28 የምቆርጠው፤ መላጊያውም ድርሻውን ይወስዳል።

ግራቪሊያ ላይ የቆመ ቀለበት ሌላ ጸጋ አለው። ይህ ዛፍ ከመሀል ወደ ቅርፊት የሚዘረጉ ሰፋፊ ጨረሮች አሉት፤ ምላጩ በጨረሮቹ አቅጣጫ ሲያልፍ ጣውላው ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ዳንቴል የመሰለ ጌጥ ይወጣል። ግንዱን መጀመሪያ አራት ቦታ ከፍሎ ከእያንዳንዱ ሩብ እያገላበጡ ማውጣት ብዙ ትርፍ ያባክናል፣ ጊዜም ይፈጃል። እኔ የያዝኩት መካከለኛ መንገድ አለ፦ ወፍራሙን ግንድ በተራ እየቆረጥኩ መሀል ላይ ስደርስ የሚወጡትን ጥቂት ሰፋፊ ጣውላዎች እምብርታቸውን ቀድጄ አወጣለሁ፤ ከግራና ከቀኝ የሚቀሩት ሁለት ቁራጮች ቀለበታቸው የቆመ ነው። ግራቪሊያ ስትሠሩ ግን ክንዳችሁን ሸፍኑ፤ ሰጋቱራው የአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ክፉ ማሳከክ ያመጣል።

ማድረቁን በዝርዝር የያዝኩት ቅርብ ጊዜ ነው። የግንዱን ጫፎች በተቆረጡበት ዕለት በሰም ወይም በወፍራም ቀለም እቀባለሁ፤ ውኃ በጫፍ በኩል ከፊት ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወጣ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው። የጣውላው ድርድር ከመሬት ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ይቆማል። በየጣውላው መሀል የሚገቡት ማለያያ እንጨቶች ደረቅ፣ ሁሉም እኩል 25 ሚሊ ሜትር፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከላይ እስከ ታችም በአንድ መስመር። መስመሩ ከተዛነፈ ጣውላው በዚያው ልክ ይጎብጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማለያያዎች ጫፉ ላይ ናቸው። ከላይ ክብደት፣ ከዚያ ጣሪያ፤ ፀሐይና ቀጥተኛ ነፋስ እንዳይመታው መከለል። የቆየው ግምት ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ነው የሚለው፤ ባህር ዛፍን ማጣደፍ ደግሞ የበለጠ ያስከፍላል። ቶሎ ውኃ ካጣ የውስጡ ሕዋስ ይሰምጥና ጣውላው ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ይወጣል፤ ያንን በእንፋሎት መመለስ ቢቻልም ትንሽ መሰንጠቂያ ያለው ሰው አቅም አይደለም።

እርጥበቱን የምለካው በሚዛን ነው። ከድርድሩ መሀል ከወጣ ጣውላ፣ ከጫፉ ራቅ ካለ ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆርጬ ወዲያው እመዝናለሁ፤ ከዚያ 103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አደርቃለሁ። 86 ግራም የነበረው 50 ግራም ከሆነ የጠፋው 36 ግራም ለ50 ሲካፈል 72 በመቶ ነው። እርጥበቱን ወዲያው በቁጥር የሚያሳይ መለኪያም አለኝ፤ ከ30 በመቶ በላይ ያለውን ቁጥሩን ግን አላምነውም።

ስለ ጤና ሁለት ቃል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ግምገማ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ስለዚህ ማስክ ለክረምትም ለበጋም ነው። ምላጭ ሲበጠስ የሚወረወረው በመዘውሮቹ መስመር ስለሆነ በዚያ መስመር ላይ ሰው አይቆምም፤ ሊያይ የመጣ ጎረቤትም ቢሆን።

አሁን ጥላ ሥር ያለው ድርድር ባለ 28 ሚሊ ሜትር ባህር ዛፍ ነው፤ የመሀሉ ቁራጭ በየጊዜው እየተመዘነ እየወረደ ነው፣ እስካሁን የላይኞቹ ሁለት ጣውላዎች ብቻ ናቸው ትንሽ የቆለመሙት። ቀጥሎ ለጠረጴዛ ፊት የሚሆን ባለ 50 ሚሊ ሜትር ማውጣት አስቤያለሁ። ወፍራም ባህር ዛፍ ያደረቃችሁ ካላችሁ፣ ድርድሩን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጆንያ ሸፍናችሁ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ክፍት ትታችሁት? ማለያያውንስ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ያወረደ አለ?