ከክሩዘር ወርጄ ረጅሙ ሞተር ላይ የወጣሁ ሰሞን

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ነው የምሰራው። ስራዬ ባብዛኛው በግ ነው። እዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ደጋ ላይ ገብሱን ውርጭ ሲመታው ቤተሰብ የሚወጣው በበግ ነው፣ የልጅ ደብተርም የማዳበሪያ እዳም ከበግ ነው የሚሸፈነው። ይሄን ስለማውቅ ነው ያ ቀን እስካሁን የሚከነክነኝ።

ለ4 ዓመት ስነዳ የነበረው የራሴን ሞተር ነው፣ አቬንጀር 220፣ ክሩዘር የሚባለው ዓይነት። በጣም እወዳት ነበር፣ አሁንም እወዳታለሁ። መቀመጫዋ ከመሬት 74 ሳንቲ ገደማ ስለሆነ እንደኔ አጭር ለሆነ ሰው ሁለቱም እግር ሙሉ በሙሉ መሬት ይረግጣል፣ እግርህን ወደፊት ዘርግተህ ደገፍ ብለህ ነው የምትነዳው፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎሜትር አስፋልት ወገቤን ሳያመኝ ስንቴ ተመላልሼባታለሁ። ከዋናው መንገድ ተገንጥለህ ወደ ቀበሌ ስትገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሆዷ ከመሬት ያለው ርቀት 17 ሳንቲ ነው፣ ክረምት ላይ ዋልካው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር እምቢ ይላል፣ ወርደህ በእንጨት እየፈለፈልክ ታወጣለህ፣ መቶ ሜትር ሳትሄድ እንደገና። ኮረኮንች ላይ ደሞ እግር ወደፊት ስለተዘረጋ ብድግ ብለህ መንዳት አትችልም፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የሚመታው አከርካሪህን ነው። በመጨረሻ አንዱ ድንጋይ ከስር የዘይት ብሎኑን መታውና ዘይቱ እዛው አለቀ፣ የክትባት ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ 2 ሰዓት በእግሬ ሄድኩ።

ከዛ በኋላ ነው ቢሮው የተዛወረ ልጅ ያስረከባትን ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 የሰጠኝ። ይቺ ደሞ በሁሉም ነገር ተቃራኒ ናት፣ መቀመጫዋ 84 ሳንቲ፣ የፊት ጎማዋ 21 ኢንች፣ ፓራፋንጎዋ ከጎማው በጣም ከፍ ያለ። ጉልበቷ ያንሳል፣ በዚ ከፍታ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ካርቡራተር ያለው ሞተር ሁሉ ይደክማል፣ 125 ሲሆን ደሞ ዳገት ላይ ማርሽ እየቀነስክ ነው። ግን ድንጋዩን ዘላው ስታልፍ፣ የእግር መርገጫው ላይ ቆመህ እሷ ከስርህ ስትወዛወዝ አንተ ምንም ሳትሆን ስትቀር፣ ምነው እስከዛሬ ያሰኛል። ሁለት ሳምንት ነዳኋትና ለመድኳት አልኩ። እዚ ጋ ነው የተሳሳትኩት፣ የለመድኩት መሄዱን ነው እንጂ መቆሙን አልነበረም።

የዛን ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የበግ ፈንጣጣ ክትባት ይዤ ወጣሁ። ገበሬው በጎቹ ለግጦሽ ከመሰማራታቸው በፊት ስለሆነ የሚሰበስበው ማርፈድ አይቻልም። ሳጥኑን ከኋላ ካሪየሩ ላይ ከፍ አድርጌ በካላማዳሪ ቁራጭ አስሬዋለሁ፣ በክሩዘሩ ጊዜ እንደዛ ነበር የማስረው። ወንዝ ከመድረሴ በፊት ያለው ቁልቁለት ላይ አንድ ኩርባ ስዞር የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶታል፣ ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ እየነዳች። ቀኝ እግሬን ለፍሬን ወደፊት ሰደድኩት። ምንም የለም። ክሩዘሩ ላይ የእግር ፍሬኑ ወደፊት ነው ያለው፣ እዚ ግን ከጉልበቴ ስር ነው፣ እግሬ የረገጠው አየር ነው። ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጨመቅኩት፣ አፍንጫዋ ዝቅ አለ፣ ጠጠሩ ላይ ትንሽ ተንሸራተተችና ቆመች። አንዷንም በግ አልነካሁም። ተመስገን ብዬ ግራ እግሬን አወረድኩ፣ በግራ በኩል ደሞ መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለ ነው፣ መሬቱ በእግሬ ልክ የለም። በክሩዘሩ ቢሆን ይደርሳል። ከላይ የታሰረው ሳጥን ጎተታትና ከነሞተሯ ወደ ግራ ተጋደምን። ቆሜ ነው የወደቅኩት ማለት ነው።

እግሬ ብዙም አልተጎዳም። ሳጥኑ ግን ተከፍቶ በረዶው፣ ብልቃጡ፣ ጠርሙሱ ድንጋዩ ላይ ተበትኗል። ልጅቷ በጎቿን ትታ ሮጣ መጣችና ልትለቅም ስትል ጠርሙስ እንዳይቆርጣት ከለከልኳት፣ በረዶውን ብቻ አቀብይኝ አልኳት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ስላለበት የተረፈውን ቶሎ ከበረዶው ጋር መለስኩት። ከብልቃጡ የተሰበረው አንድ ብቻ ነው፣ መበጥበጫው ግን ከአራቱ ጠርሙስ ሁለቱ አልቀዋል። ክትባቱ ደረቅ ዱቄት ነው፣ ያለ መበጥበጫው ምንም አይሰራም።

ስደርስ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው። አንድ አባት መጀመሪያ ያሉት «አንተስ ተረፍክ?» ነው፣ ቀጥለው «የምንጭ ውሃ አይሆንም ዶክተር? ጥሩ ውሃ ነው» አሉኝ። አይሆንም አባባ፣ ክትባቱን ይገድለዋል አልኳቸው። ግማሹን ከተብኩ፣ ግማሹ ተመለሰ። ከተመለሱት አንዷ እናት ከታችኛው ጎጥ 11 በግ ይዘው በሌሊት ተነስተው የመጡ ናቸው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ «ግዴለም ልጄ፣ እመለሳለሁ» ብለው በጎቻቸውን እየነዱ ዳገቱን ሲወጡ ቆሜ አየኋቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮ ገብቼ ሪፖርት ስጽፍ መንገዱ መጥፎ ነው ብዬ ልጀምር ነበር። የንብረት ክፍሉ ጋሼ፣ ድሮ ግብርና ቢሮ እያሉ ያማሃ ኤጂ 100 ለብዙ ዓመት የነዱ ሰው ናቸው፣ ሰምተው መጡና «እስኪ ውጣባትና አቁማት» አሉኝ። ግቢው ውስጥ ነዳሁና አቆምኩ። «እግርህን ተመልከት» አሉ። ቀኝ እግሬ አሁንም ትንሽ ወደፊት ሄዶ ነበር፣ እኔ እንኳን አላወቅኩም።

ከዛ ሶስት ቀን ማታ ማታ ከስራ በኋላ አሰሩኝ። ሳጥኑ ውስጥ ድንጋይ ሞልተን፣ ነድቶ መቆም፣ ነድቶ መቆም። ከመቆምህ በፊት የምትቆምበትን ቦታ በዓይንህ ምረጥ፣ ሁልጊዜ መሬቱ ከፍ ባለበት በኩል፣ ቂጥህን ከመቀመጫው ወደዛ ጎን አንሸራት፣ አንድ እግር ይበቃሃል፣ ሌላው ፍሬን ላይ ይቆይ። ሁለቱንም እግር ማውረድ የአጭሩ ሞተር ነገር ነው አሉኝ። የፊት ፍሬኑን በሁለት ጣት፣ ቀስ እያልክ። ሳጥኑን አንስተን መበጥበጫውን በጎንና በጎን በሚንጠለጠል የሸራ ቦርሳ ከፈልነው፣ ክብደቱ ዝቅ ሲል ሞተሯ ሌላ ሆነች። ይሄን በተረከብኳት ቀን ጠይቄያቸው ቢሆን እያልኩ ነው፣ ቢሮዋቸው ከኔ ቢሮ አስር እርምጃ አይሞላም። ሪፖርቱንም እንደገና ጻፍኩት፣ ሞተር ስቀይር አልተለማመድኩም ብዬ።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ያ ኩርባ ጋ ስደርስ በቀኝ በኩል ከፍ ያለውን መሬት መርጬ ቆሜ መንገዱን አየሁ፣ ከዛ ወረድኩ። እኚያ እናት ቀድመውኝ ደርሰዋል። በጎቹ 12 ሆነዋል፣ አንዷ በመሃል ወልዳለች። አስራ አንዱን ከተብኩ፣ ግልገሏ ገና ስለሆነች ለሌላ ጊዜ አቆየናት፣ እሳቸው በነጠላቸው አቅፈዋት ነበር።