መለዋወጫው በሁለት ቀን ይደርሳል

የግዥ ኃላፊያችን ክሬን ሲገዙ የሚያዩት ቶኑን፣ ዋጋውንና ቡሙ (ረጅሙ የክሬን ክንድ) ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ባለ 50 ቶን ትራክ ክሬን ይገዛ ተብሎ ኮሚቴ ሲዋቀር ከቴክኒክ ክፍል እኔ ተመደብኩ። ገና ስንቀመጥ “ብራንድ” የሚል ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ታደለን። የታወቀ ስም ሙሉ ነጥብ፣ ያልታወቀ ግማሽ። (50 ቶን የሚባለው ጭነቱ ክሬኑ ከሚዞርበት መሐል 3 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን እንጂ ቡሙ ርቆ ሲዘረጋ የሚነሳው ጥቂት ቶን መሆኑን ላስረዳ ሞክሬ ነበር። “እሱን ኦፕሬተሩ ያውቀዋል” ተባልኩ።)

ከቀረቡልን አንዱ ያገለገለ ዴማግ ነበር። ዴማግ ጥሩ ማሽን ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን የዴማግን የሞባይል ክሬን ሥራ በፈረንጆቹ 2002 ቴሬክስ የተባለው ኩባንያ ገዛው፣ በ2019 ደግሞ ታዳኖ ከቴሬክስ ላይ ወሰደው። ግሮቭ የሚባለው ክሬንም ከዚያው ከ2002 ጀምሮ ማኒቶዎክ እጅ ነው የገባው። ቡሙ ላይ ያለው ቀለም ያው ነው፤ የመለዋወጫ ካታሎጉን የሚይዘው ግን ይቀያየራል። ይህን ስል ኃላፊው “ታዲያ ታዳኖም የታወቀ ነው አይደል?” ብለው ሙሉ ነጥቡን ሰጡት።

ሁሉም ሰው ስለ ሞተር ይጠይቃል። ሞተር ግን ራስ ምታት ሆኖብኝ አያውቅም። ካሚንስ ከሆነ ፊልትሩም ኢንጀክተሩም ለጭነት መኪና የሚሸጠው ዓይነት ነው። ክሬን አስሮ የሚያስቀምጥህ የክሬኑ የራሱ ዕቃ ነው፤ በቡሙ ክፍሎች መሐል የሚንሸራተተው የናይለን ፓድ፣ የጃኩ (የማረፊያ እግሩ) ሲሊንደር ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ (ሲል)፣ የጭነት መቆጣጠሪያው ኮምፒውተርና ሴንሰሮቹ። እነዚህ በአብዛኛው የዚያ ሞዴል ብቻ ናቸው። አንዳንዴም የዚያ ሞዴል የዚያ ዓመት ብቻ፤ ፋብሪካው መሐል ላይ አቅራቢ ይቀይርና ያው ስም ባለው ክሬን ላይ ሌላ ፓምፕ ይገጥማል።

ስለዚህ ለሻጮቹ አንድ ጥያቄ አዘጋጀሁ። የቡሙን ርዝመት የሚለካው ሴንሰር ገመድ ቢበጠስ፣ መዞሪያ ሪንጉ (ክሬኑ የሚዞርበት ትልቁ ቀለበት) ቢበላሽ፣ በስንት ቀን እጃችን ይገባል?

የመጀመሪያው ሻጭ ሱፍ የለበሰ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት ነው። ጥያቄውን እንኳ አላስጨረሰኝም።

“ሁለት ቀን።”

“ሪንጉም?”

“ሁሉም ኢንጂነር፣ ሁሉም። ሁለት ቀን።”

ሁለተኛው ሸምገል ያሉ፣ እጃቸው ላይ የግሪስ ጥቁረት ያልለቀቀ ሰው ናቸው። ላፕቶፓቸውን ከፈቱና “የሻንሲ ቁጥሩ?” አሉኝ።

“ገና አልተገዛም እኮ።”

“ያቀረብነው ማሽን ቁጥር አለው። ሳላየው ምን ብዬ እመልሳለሁ?” ቁጥሩን ከራሳቸው ፕሮፎርማ ላይ ፈልገው አስገቡ፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ስክሪኑን አነበቡ። ክፍሉ ዝም አለ። አንዱ የኮሚቴ አባል ሰዓቱን አየ። “ገመዱ መጋዘን አለን፣ ነገ ውሰዱት። ሪንጉን ግን ማንም አስቀምጦ አይጠብቃችሁም፤ ታዞ ነው የሚሠራው። ወራት ይፈጃል። ብሎኖቹን በየጊዜው ካላጠበቃችሁና ግሪስ ካልሰጣችሁት ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ ነው።”

እኔ በሆዴ “ይሄ ሰው ክሬን ያውቃል” አልኩ። ኃላፊው ሰንጠረዡ ላይ “ወራት” ብለው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት።

ማን እንዳሸነፈ መናገር አያስፈልግም። ማሽኑን አልወቅስም፤ ዊንቹም ፓምፑም እስከ ዛሬ ወንድ ነው። ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን ግን የርዝመት ገመዱ የስካፎልድ ቧንቧ ያዘውና ተበጠሰ። ከእርሳስ የማይወፍር ገመድ ነው። ኮምፒውተሩ የቡሙን ርዝመት ካላወቀ የሚነሳውን ጭነት ማስላት አይችልም፤ ስለዚህ ማንሳቱንም መዘርጋቱንም ቆለፈው። ኦፕሬተሩ የኮምፒውተሩን እገዳ የሚያልፈውን ቁልፍ እያሳየ “ላዙራትና ልጨርስ?” አለኝ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ለባለ ፈገግታው ደወልኩ።

“ሁለት ቀን ብለኸኝ ነበር።”

“አዎ ኢንጂነር፣ ቃሌ ቃል ነው።”

“እሺ፣ ከነገ ወዲያ ልምጣ?”

“ኧረ! ሁለት ቀን ያልኩት ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነው እኮ።”

“ከፋብሪካ መቼ ይወጣል?”

“እሱን ፋብሪካው ነው የሚያውቀው።”

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። የሚያናድደው መዋሸቱ አይደለም። እንዳልዋሸ ከልቡ ማመኑ ነው።

ቸግሮኝ ለሽማግሌው ደወልኩ። ክሬናቸውን ስላልገዛን ይስቁብኛል ብዬ ነበር። “የኮምፒውተሩን ሳጥን ፈትተህ ከጀርባው ያለውን ስም አንብብልኝ” አሉ። አነበብኩ። “ይሄንን ክሬን ሠሪው አልሠራውም፣ ገዝቶ ነው የገጠመው። በቀጥታ ለሠሪው ጻፍ፣ የሳጥኑን ቁጥር ሳትዘነጋ።” ጻፍኩ። ገመዱም መጣ፣ ያውም የወኪላችን መልስ ከመምጣቱ በፊት። የሽማግሌውን ምክር በሪፖርቴ ላይ አስፍሬዋለሁ። ማን እንዳነበበው እንጃ።

ለኃላፊው ነገሩን ዘርዝሬ ሳስረዳ ረጋ ብለው ሰሙኝና “ጥያቄውን ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መልሱ ላይ ነጥብ የሰጡት ግን እሳቸው ናቸው። “የሻንሲ ቁጥር ሳይጠይቅ የሚመልስን ሻጭ እንጣለው” ብዬ ብጽፍላቸው ደግሞ እንዲህ ያለው መስፈርት በቁጥር አይለካም አሉ።

አሁን ሌላ ክሬን ልንገዛ ነው። የግምገማው ሰንጠረዥ ተሻሽሏል፤ “የመለዋወጫ ማቅረቢያ ጊዜ” የሚል አዲስ ዓምድ ተጨምሮበታል፣ አጭር ቀን ለጻፈ ከፍተኛ ነጥብ። የዋጋ ማቅረቢያ ሰነዶቹን ትናንት ከፈትናቸው። አንዱ “በዕለቱ” ብሎ ጽፏል።