የቅዳሜው እንቁላል

አርብ ከተማሪዎቼ ጋር ለሪትሪት፣ ማለትም ለጸሎትና ለጥሞና ከከተማ ልንወጣ፣ ረቡዕ ማታ የአንዷ ተማሪ እናት ደወሉልኝ። ሰላምታው ረዘም አለ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ። «ቲቸር፣ እንዳይቀየሙኝ። ልጄን ሃይማኖቷን ልታስቀይሩብኝ አይደለም አይደል?»

አልተቀየምኩም። የማስተምረው ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪዎቼ ግን አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኩ ከአገሩ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ክፍሉን የሚሞላው ሌላው ነው። ለወጣቶች የመሪነት ሪትሪት ከተመዘገቡት 44 ልጆች ከግማሽ በላይ ኦርቶዶክስ፣ አራቱ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነበሩ። ለወላጆች የላክሁት ወረቀት ግን «የመሪነት ሥልጠና» ብሎ ይጀምርና ጸሎት የሚለውን ቃል ታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ ይወሽቀዋል። እናትየው ያሸተቱት ይህንኑ ነው።

እንዳለ ነገርኳቸው። ጠዋትና ማታ ጸሎት አለ፤ እሁድ ቅዳሴ አለ። ማስቀደስ የፈለገ ያስቀድሳል፤ ያልፈለገ ከመምህር ጋር ግቢው ውስጥ ይቆያል። የሚቆርቡት ካቶሊኮቹ ናቸው። ማንም ማንንም አይሰብክም። ትንሽ ዝም አሉና «ጾሙስ?» አሉኝ።

«ጾሟን ትጾማለች። ቃሌ ነው።»

በማግስቱ ያንኑ ለሁሉም ወላጆች ጽፌ ላክሁ። ሁለት ልጆች ቀሩ። ይቅሩ። አሁን ወረቀቱን የምጀምረው በቅዳሴውና በጸሎቱ ነው፤ ሥልጠናው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቦታው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ተወጥቶ የእንጦጦ ተራራ ሲታለፍ ሜዳው ይዘረጋል። ጎህ ሳይቀድ አትሌቶች የሚሮጡበት አገር ነው። ደናግል ከሚያስተዳድሩት አንድ ግቢ ማረፊያ አገኘን። ሁለት ቅጥቅጥ አይሱዙ ተከራይተን አርብ ህዳር 27 ቀን 2017 ከሰዓት ወጣን። ቀኑን የመረጥኩት ተጠብቤ ነው፤ ህዳር 21 ጽዮን ስለሆነች ልጆቹ ከበዓሉ እንዳይቀሩ ብዬ አንድ ሳምንት ገፋሁት። ብርዱን ግን እኔም ንቄው ነበር። «ጃኬት ያዙ» ብለን አስጠንቅቀናል። ለከተማ ልጅ ጃኬት ማለት ኮፍያ ያለው ስስ ሹራብ ነው። ማታ ሲስተር ከየት እንዳመጡት እንጃ የብርድ ልብስ ክምር ተሸክመው ገቡ።

የመጀመሪያው ማታ የኅሊና ምርመራ ነበር። አባ ስለ ቅዱስ አግናጢዮስ ዘሎዮላ አወሩልን፤ ወታደር ነበር፤ በ1521 እ.ኤ.አ. ፓምፕሎና ላይ በመድፍ እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ ልቡ የተለወጠ ሰው። ምርመራው አምስት ደረጃ አለው። ታመሰግናለህ፤ ብርሃን ትለምናለህ፤ ቀንህን ከጠዋት ጀምረህ ታስታውሳለህ፤ ያጠፋኸውን ይቅር በለኝ ትላለህ፤ ለነገ አንድ ነገር ትወስናለህ። እኔ 45 ደቂቃ ዝምታ መድቤለት ነበር። አሥረኛው ደቂቃ ላይ አንዱ አስነጠሰ፣ አንዷ ሳቀች፣ አለቀ። በማግስቱ ወደ 12 ደቂቃ ዝቅ አደረግነው፤ ሠራ። ዝምታ ያልለመደን ልጅ አንድ ሰዓት ዝም በል ማለት ዋና ለማያውቅ ጥልቁን ማሳየት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከመኝታ ክፍሉ ስወጣ እንቁላል ሸተተኝ።

ወጥ ቤት ገባሁ፤ የግቢው ምግብ አብሳይ እማማ እዚያ ነበሩ። አንድ ትልቅ ትሪ ሙሉ እንቁላል ፍርፍር። በዚያ በኩል ለምሳ የተከተፈ ሥጋ። የነቢያት ጾም ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። «እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ስላቸው ከመጎናጸፊያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የራሴ ወረቀት ነው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ለወጣንበት ያዘጋጀሁትን የምግብ ዝርዝር ቀኑን ብቻ ቀይሬ ልኬላቸዋለሁ። አርብ ያው አርብ ስለሆነ የጾም ነበር፤ ስለዚህ ማንም አልነቃም። «እኔማ ለክርስቲያን ልጆች በጾም ሥጋ ሲባል ገርሞኝ ነበር» አሉ። ቢገርማቸው ምናለ ቢደውሉልኝ! ግን ጥፋቱ የኔ ነው።

ስልኬን ይዤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ቆምኩ። ማን ጋ እንደምደውል አላውቅም። ብቻ የእናትየው ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ቃሌ ነው ብያለሁ።

ስመለስ አዳራሹ ሌላ ሆኗል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ወንበር ላይ ቆማ «የምትጾሙ እጅ!» እያለች ትቆጥራለች። የዚያችው እናት ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ስጠይቃት እንኳ ድምፅዋ አይሰማም። ሦስት ወንዶች ከአንድ መምህር ጋር ወደ ሱቅ ተልከዋል። ለቁርስ ዳቦ በሻይ ተባለ። ለምሳ ሽሮ። እነ ሽንኩርት ላጭ እያለቀሱ ተቀምጠዋል። የማይጾሙት ካቶሊኮችም «እኛም ሽሮ» አሉ። ትብብር መስሎኝ ልቤ ሊነካ ሲል አንዱ «ቲቸር፣ ሁለት ድስት ማን ያጥባል?» አለኝ።

ሽሮው አረረ። ሦስት ኪሎ ሽሮ በእንጨት እሳት ላይ ማማሰል በስልክ ቪዲዮ አይቶ የሚቻል ነገር አይደለም። በላነው።

እኔ ለዚያ ጠዋት ስለ መሪነት 38 ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። ፍላሹ ከኪሴ ሳይወጣ ቀረ። ከምሳ በኋላ ክብ ሠርተን ተቀመጥንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፤ «ጠዋት ምን ሆነ?» ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። መጀመሪያ መደናነቅ ነበር። ቀጥሎ አንድ ልጅ «እማማን ግን ማንም አላስፈቀደም» አለ። እውነት ነው። ሴትዮዋ የገዛ ወጥ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ቀርተዋል፤ ቢላቸውን ወስደውባቸዋል፣ ጨውን ደፍተውባቸዋል። ወንበር ላይ የቆመችው ልጅ ፊቷ ቀላ። «ቸኩዬ ነው» አለች። ቀስ ብላ ደግሞ «ከቸኮልኩ ሰው አይታየኝም» አለች። እንዲህ ያለ ነገር በስላይድ አይገኝም።

ማታ እግር የማጠብ ሥርዓት ነበረን፤ ሳፋውም ፎጣውም ተዘጋጅቷል። አባ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን አነበቡና ሳፋውን አይተው «ያረረው ድስት ታጥቧል?» አሉ። አልታጠበም። ሥርዓቱ ወጥ ቤት ሆነ። እማማ እየሳቁ በአሸዋ እንዴት እንደሚፈተግ አሳዩ። ይቅርታውም እዚያው፣ እጅ በጥላሸት ተለውሶ ተጠየቀ።

ስለ ቡድን አከፋፈል አንድ ነገር ልበል፦ ዕጣ አውጡ። እኛ አርብ ማታ «እንደተመቻችሁ ተከፋፈሉ» ብለን ጓደኛ ከጓደኛው፣ ሰፈር ከሰፈሩ ተቧድኖ አደረ። ቅዳሜ በዕጣ በተንነው፤ አጉረመረሙ፤ ወዲያው ተላመዱ።

እሁድ ቅዳሴ ከተጠበቀው በላይ ሞላ። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምትቀድሰው በግእዝ ሥርዓት መሆኑን ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ቆሙ። አባ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲሉ ከጎኔ የነበረው ኦርቶዶክስ ልጅ ሳያስበው «ምስለ መንፈስከ» ብሎ መለሰ። ከዚያ ደንግጦ ዞሮ አየኝ። ዝም አልኩት። ሲቆረብ ከቦታው አልተነሳም።

እንቁላሉን አራቱ ፕሮቴስታንት ልጆች ተረከቡት። ቅዳሜ ቁርስ እንቁላል፣ ቅዳሜ ምሳ እንቁላል፣ እሁድ ጠዋት እንቁላል። መጨረሻ ላይ እነሱም ሽሮ ጠየቁ።

አሥር ሰዓት ላይ አዲሱ ገበያ ደረስን። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ልጃቸውን አገላብጠው ስመው ቀና አሉ።

«ምን አበሏችሁ?»

«ሽሮ።»

«ሌላስ?»

«ሽሮ።»

ወደኔ ዞሩ። እኔ ሻንጣ መቁጠር ጀመርኩ።