ጓሮውን ሲሚንቶ አታልብሱት

እንግሊዝ አገር ሳለሁ ለአንዲት ቁራጭ መሬት ዓመታት ወረፋ ጠብቄያለሁ። የአካባቢው አስተዳደር በትንሽ የዓመት ኪራይ የሚሰጣት፣ አትክልት የሚተከልባት መሬት ነች። አሎትመንት ይሏታል። ነዋሪዎች ከጠየቁ አስተዳደሩ መሬት እንዲያዘጋጅላቸው የሚያስገድድ በ1908 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ። ሙሉው ልክ 250 ካሬ ሜትር ግድም ነው። ፈላጊው ስለበዛ ግን ዛሬ ብዙ ቦታ ግማሹን ነው የሚሰጡት። ደርሷችሁም አረም ከዋጠው ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ካልሰማችሁ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል።

ያቺ መሬት ለእኔ ብዙ ነገር ነበረች። ከሥራ ወጥቼ የሐበሻ ጎመን የምኮተኩትባት፣ ስሜን ጠርተው ሰላም የሚሉኝ ጎረቤቶች ያገኘሁባት ቦታ ነች። ስደት ላይ ያለ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ባሕር ዳር ስመለስ የሰፈራችንን ግቢዎች አየሁ። ድሮ ጌሾ፣ ፓፓያ፣ ማንጎና የጎመን መደብ የነበረበት ጓሮ ሊሾ ሆኗል፣ አንዳንዱም ሴራሚክ። ብዙ ቦታ ገንዘቡን የላክነው እኛ ውጭ ያለነው ነን። «እማዬ ጭቃ አትርገጥ» ብለን ነው። ሐሳቡ የፍቅር ነው፤ ያንን አልክድም። ግን እዚያ ለአንድ መደብ ወረፋ የምንጠብቅ ሰዎች፣ እዚህ የእናቶቻችንን መሬት እየደፈንን ነው።

የእኛም ግቢ ተራው ደርሶ ነበር። ወንድሜ ከውጭ ብሩን ልኳል፤ ግንበኛውም ለክቶ ሄዷል። እማዬን ለብቻዋ ጠየቅኳት። «እኔማ ምን እላለሁ ልጄ፣ እናንተ ካላችሁ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ጌሾዬን ግን የት አደርሳታለሁ?» አለች። ለእሷ ጓሮው ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት ቦታ ነው። ጤና አዳም ለቡና፣ በሶብላ ለሽሮ፣ ጎመን ለጦም ከዚያ ይቆረጣል። ጎረቤት እትዬም አጥር ተሻግረው ችግኝ የሚለምኑት ከዚያው ነው። ያ ሁሉ ሲሚንቶ ከሆነ ቀኗ በምን ይሞላል?

ሌላም አለ። ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሊሾ ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ አፈር ይጠጣው የነበረው ዝናብ በሙሉ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ቆሻሻውን ጠራርጎም ወደ ጣና ይወርዳል።

ይኼን ሳወራ ውጭ ያሉ ወዳጆቼ «እሺ ጓሮውን እንተወው፤ ከዚህ ዘር ይዤ ልምጣ?» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው፤ አታምጡ። አንደኛ፣ የማስገቢያ ፈቃድና የተክል ጤና ማረጋገጫ ይጠየቅበታል። ይኼም ተገቢ ነው፤ በዘር ውስጥ በሽታ ይጓዛል። ሁለተኛ፣ ብዙው ዘር እዚህ አይሆንም። ሽንኩርትን ውሰዱ። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ቆጥሮ ነው። እንግሊዝ የሚዘሩት ዓይነት ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ቅጠሉ ያምራል፣ ራሱ ግን አይመጣም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠጡት። እዚህ የሚሆኑት እንደ ቦምቤ ቀይና አዳማ ቀይ ያሉት ናቸው። ጣናን ዞራችሁ ፎገራ ብትሄዱ ሽንኩርቱን በየማሳው ታዩታላችሁ። ዘሩን ስትገዙም የዘንድሮ መሆኑን ጠይቁ፤ የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙው አይበቅልም።

ወቅቱም ሌላ ነው። እዚያ ጠላታችን ውርጭ ነበር። እስከ ግንቦት ድረስ ሰማይ ሰማይ እያየን ችግኝ ከቤት አናወጣም። እዚህ ውርጭ የለም። ከባዱ ጊዜ ክረምቱ ነው፤ ውኃ ስለሚበዛ። ለብዙ አትክልት ጥሩው ጅማሮ መስከረም ነው። ያን ጊዜ ዘሩን መደብ ላይ አፍልታችሁ፣ ዝናቡ ሲያባራ ችግኙን ታዛውራላችሁ።

ቲማቲም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠቁራል፤ ፍሬውም ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል። እንግሊዝም በነሐሴ ያው ነው፤ የአሎትመንት ጎረቤቶቼ ሲያዝኑበት አይቻለሁ። በሽታው አንድ ነው፤ ፋይቶፍቶራ ይባላል። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየርላንድን ድንች ያጠፋው፣ በተከተለው ረሃብም አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለቀበት እሱ ነው። ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ አየር ይወዳል፤ የባሕር ዳር ክረምት ደግሞ እንደዚያ ነው። ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸውና ጎን ለጎን አትትከሏቸው። በክረምት የግድ ቲማቲም ካማራችሁ ጣሪያው ዝናቡን በሚከልልበት ግድግዳ ሥር አድርጉት። ውኃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አፍስሱ። የታመመውን ደግሞ ሳታዝኑለት ንቀሉት።

በበጋ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው። ፍሬው ደህና ሆኖ ታችኛው ጫፉ ይጠቁራል። እማዬ ትል መስሏት ነበር። ትል አይደለም። ውኃው ሲቆራረጥ የሚመጣ ነው። ቧንቧ ሲጠፋ ተክሉ ይደርቃል፣ ሲመጣ እናጥለቀልቀዋለን፤ በዚህ መሀል ካልሲየም ወደ ፍሬው መድረስ ያቅተዋል። መድኃኒት አትግዙለት። በርሜል ይሙላ፤ በየጊዜው እኩል እኩል ይጠጣ። የጎመን ማጠቢያውንም ውኃ አትድፉ፤ ሳሙና እስከሌለበት ድረስ ለተክል ይሆናል።

ግቢያችሁ ዋልካ ከሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። እንግሊዝ የሸክላ አፈር ከብርዱ ወራት በፊት ይገለበጥና ውርጩ ያፈራርሰዋል። እዚህ ያ እርዳታ የለም። መደቡን ከፍ አድርጉት፣ ውኃው በመደቦቹ መሀል ይውረድ። ፍግና ብስባሽ በየዓመቱ ጨምሩበት። ስትቆፍሩም እፍኝ አፈር ጨብጣችሁ እዩ፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ወይም አልፈረፈር ካለ ጊዜው አይደለም።

ብስባሹን ከየት እናመጣለን ለሚል፣ ከራሱ ከግቢው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የማንጎ ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ የዶሮ ኩስ፣ አረሙ ዘር ሳይዝ። እርጥቡንና ደረቁን እያፈራረቃችሁ ከምሩት። በበጋ እርጥበቱ እንዳይጠፋ ጥላ ሥር ጉድጓድ ውስጥ፣ በክረምት ደግሞ ጉድጓዱ ውኃ ስለሚቋጥር ከመሬት በላይ። እንግሊዝ ዓመት የፈጀብኝ ክምር በባሕር ዳር ሙቀት በጥቂት ወራት ይደርሳል። ይኼን ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ለዚህ ነው ኅዳር 12 ሲመጣ ቅር የሚለኝ። ኅዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. ሕዝባችንን ከጨረሰው የኅዳር በሽታ የመጣ ልማድ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን የደረቀው ቅጠል ሁሉ አብሮ ይነዳል። ቅጠሉን ለዩት እባካችሁ። ዘጌ ስትሄዱ የቡናውን ሥር እዩ። በሬ አያርሰውም፤ ቅጠሉ በወደቀበት በስብሶ አፈሩን ያለሰልሰዋል። መነኮሳቱም ገበሬውም ይኼን ለዘመናት ጠብቀውታል።

አፈሩን በቅጠል ወይም በገለባ ስትጎዘጉዙ ግን ምስጥን አስቡ። እንግሊዝ ጉዝጓዝ ውስጥ የሚደበቀው ቀንድ አውጣ ነበር። እዚህ ደረቅ ገለባ ምስጥ ይጠራል። ስስ አድርጉት፣ ከግንዱም አርቁት።

እምቦጭስ? ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንቱ ሰው ወገቡ እስኪጎብጥ ነቅሎታል። ለብስባሽ ይሆናል፤ ግን አበባ ከማውጣቱ በፊት የተነቀለውን ብቻ፣ እዚያው ዳር ላይ ፀሐይ በደንብ ካደረቀው በኋላ። ዘሩ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እርጥቡን ጭናችሁ ወንዝ ወይም ኩሬ ወዳለበት ሰፈር አትውሰዱት።

ወደ ግንበኛው ልመለስ። ወንድሜ ጋ ደወልኩና እማዬ ራሷ አናገረችው። ጉዳዩ በአንድ ጥሪ አለቀ። ከበሩ እስከ ኩሽናና መጸዳጃ ቤት ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ መንገድ ይነጠፋል፤ ጭቃው የሚያስቸግራት እዚያ ነውና። የቀረው አፈር ሆኖ ይቆያል። በተረፈው ብር የጣሪያው ውኃ የሚገባበት ትልቅ ሮቶ ተገዛ። እናንተም ብር ከመላካችሁ በፊት ለእናቶቻችሁ ደውሉና የትኛው ጥግ እንዳይነካባቸው እንደሚፈልጉ ጠይቁ። «እናንተ ካላችሁ» ቢሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ለግንበኛው የሚሰጠው ሥዕል ከዚያ በኋላ ይሣል።