ጊዜያዊ የተባለው ሕግ

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ከቤት ስላላስወጣኝ የእናቴን የቆዩ ወረቀቶች ሳገላብጥ ጠርዙ የተበላ የቀበሌ መታወቂያዋን አገኘሁ። የከተማ ቀበሌን ያቋቋመው ደርግ ነው፤ ደርግን የጣሉትም ሆኑ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን አላፈረሱትም። በየቤቱ ማን እንዳደረ የሚያውቅ መዋቅር ለተረካቢው ሁሉ ሳይመች አይቀርም።

ሐሳቤ ከዚያ ተነሥቶ አሜሪካ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2001 የመስከረሙ ጥቃት በደረሰ በ45ኛው ቀን የጸደቀው፣ የመንግሥትን የስለላ ሥልጣን ያሰፋው የፓትሪዮት ሕግ በሴኔቱ 98 ለ1 አለፈ፤ የተቃወሙት ሴናተር ራስል ፋይንጎልድ ብቻ ነበሩ። አንዳንዶቹ የስለላ አንቀጾች ማብቂያ ቀን ተቆርጦላቸው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከእነዚህ አብዛኞቹ ቋሚ ተደረጉ። በውጭ አገር ያሉ የውጭ ዜጎችን ግንኙነት ለእያንዳንዱ ሰው የዳኛ ትእዛዝ ሳይወጣ ለመጥለፍ የሚፈቅደው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በሌላ ሕግ የወጣው አንቀጽ 702 ደግሞ በኦባማ፣ በትራምፕና በባይደን ፊርማ ተራዝሟል፤ በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሰዎች በዚህ ተስማሙ። እርግጥ ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን የስለላውን ምስጢር ካወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የስልክ መዝገብን በጅምላ መሰብሰብ በሕግ ቀርቷል፤ ይህን አለመጥቀስ ግፍ ይሆናል።

ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ሥልጣኑን ቀስ በቀስ ያሳደገው ክፋት ሳይሆን የማብቂያው ቀን ራሱ ነው፤ ያ ቀን በደረሰ ቁጥር አራዛሚው በኋላ በስም አይጠየቅም፣ እምቢ ያለው ግን በማግሥቱ ቦምብ ቢፈነዳ ደሙ በእርሱ ላይ ይሆናል። በ2024 ከተጠለፈው ውስጥ የአሜሪካውያንን መልእክት ለመፈለግ የዳኛ ፈቃድ ያስፈልግ የሚለው ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት 212 ለ212 እኩል ወጥቶ ወደቀ፤ ሁለቱም ፓርቲዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ቨርጂኒያ ላለችው እኅቴ የምጽፍላት እኔ ግን የውጭ ዜጋ ነኝና በዚያ ክርክር ውስጥም አልነበርሁበት። (ጥሬ ሥጋ ናፈቀኝ የሚለውን መልእክቷን የሚተረጉም ባለሙያ ካለ እግዜር ይርዳው።)

ያ 98 ለ1 ግን አልለቀቀኝም። ሕንፃዎቹ ከፈረሱ ሳምንታት ብቻ አልፈው፣ አገር ሁሉ እያለቀሰ፣ በዚያ አዳራሽ ብቀመጥ ኖሮ ከፋይንጎልድ ጎን እቆም ነበርን? በእድራችን ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ «የሚቃወም አለ?» ባሉ ቁጥር የጫማዬን ክር ማሰር ትዝ የሚለኝ ጀግና ነኝ፤ ያውም ጉዳዩ የድንኳን ኪራይ ሆኖ።