«እዚያም ገብቷል፣ ልጄ»

በኅዳር የደብረ ብርሃንን የባቄላ ማሳ የሚመታው ውርጭ የሱፍ ክር ወደምንፈትልበት ፋብሪካም ይገባል። አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ሱፉ በሰበቃ የሚፈጠረውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ እየያዘ ይበታተናል፣ ክሩም ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፤ መፍተያ ክፍል ውስጥ አንድ በጋ የሠራ ሰው ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልገውም። በዚያ ዓመት ለክፍሉ እርጥበት የሚሰጠው የእንፋሎት ቧንቧ ከተበላሸ ሦስት ሳምንት አልፎት ስለነበር፣ የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ እንደመሆኔ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ።

በዕድሜ ታናሼ የሆነው ሥራ አስኪያጃችን በዚያው ሰሞን ስለ ስሜታዊ ብልህነት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ጽንሰ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 ሳሎቬይና ሜየር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እንዳቀረቡት፣ ዳንኤል ጎልማን ደግሞ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው እንዳስተዋወቀው ነገረን፤ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ ተነሳሽነት፣ የሌላውን ስሜት መረዳትና ከሰው ጋር መግባባት የሚሉትን አምስት ነጥቦችም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጠፈ። ቀደም ሲል በአጠገባችን ሲያልፍ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው ስለነበር፣ ሥልጠናው ጠቅሞታል ብዬ ብመሰክር ሐሰት አይሆንብኝም።

ክሩ የሚበጠሰው የሠራተኛው ሞራል ስለወደቀ ነው ብሎ ደምድሞ ኖሮ፣ ሊነጋ ሲል ፈረቃውን ሰበሰበና ሁላችንም እትዬ ወደምንላቸው አንጋፋ ፈታይ ዞረ።

«እትዬ፣ ሳይፈሩ ይንገሩኝ፤ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ምን ይሰማዎታል?»

«ብርድ» አሉ።

«አይደለም፣ እዚህ ውስጥ» አለና ደረቱን ነካ።

እትዬ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እዚያም ገብቷል፣ ልጄ» አሉ።

ሁለት ደብዳቤዎቼ ያልቻሉትን አንድ ቃል ስለቻለው፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። እትዬ ግን ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «አንተን ደግሞ ምን ያስቅሃል? መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ወንድሜን ቀብሬ ስመለስ የሁለት ቀን ደመወዝ የቆረጥክብኝ አንተ አይደለህ?» አሉኝ። የፈቃድ ፎርም ሳይሞሉ ነበር የሄዱት፤ ይህን በልቤ ደጋግሜ ባስበውም ከአፌ ሊወጣ አልቻለም።

ቧንቧው በሦስተኛው ቀን ተጠገነ፣ ብጥሰቱም ቀነሰ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን ምርታማነት የተሻሻለው «ከሠራተኛው ጋር በተደረገ ግልጽ ውይይት» መሆኑ ሲጻፍ ቧንቧ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልተጠቀሰም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያም ሆኖ ሥራ አስኪያጁ ጥያቄውን ቢስትም ጠይቋል፤ እኔ ግን የቅጣት ወረቀቱን የፈረምኩት ለሐዘንተኛዋ «ነፍስ ይማር» እንኳ ሳልል ነው። ገንዘባቸውን ለማስመለስ ፋይናንስ ክፍል ስሄድ ፎርም ሰጡኝ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የኃላፊው ስሕተት» ብዬ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።